የታኘከ ዳቦ

ሪሃናና ዓለምወርቅ ለአንድ ጥናት ዱባይ ውስጥ ወዳለ ጠባብ ክፍል ገቡ። ጥናቱ የጠፈር ተጓዦች ለረጅም ጊዜ ተዘግቶባቸው ሲኖሩ ሥራቸው ምን እንደሚሆን ለማየት ነው። መስኮት የለም፤ በሩም ከውጭ ታሽጓል። ሁለቱም መሐንዲሶች ናቸው። ሲገቡ «ከአል ናህዳ ሰፈር የመኪና መጨናነቅ ተገላገልን» እያሉ ይሳሳቁ ነበር።

አንድ ቀን ሪሃና ስትነሳ ጠረጴዛው ላይ በምራቅ የራሰ፣ የታኘከ ዳቦ አገኘች። ዓለምወርቅ የተፋችው መስሏት ጠርጋ ጣለችው። በማግስቱ ደግሞ የውሃ መጠጫዋ ውስጥ ሌላ አገኘች። ከዚያ ወዲህ የዓለምወርቅን ከንፈር ባየች ቁጥር ያቅለሸልሻታል። ከውጭ የሚሰጣትን ትእዛዝ መስማት አቃታት፤ በኮምፒውተር በሚደረገው የበረራ ልምምድም መንኮራኩሯን ደጋግማ አጋጨች።

በምሳ ሰዓት ትዕግሥቷ አለቀ።

«ኸላስ፣ በቃ! ምነው የምትተፊውን ብትሰበስቢ?»

ዓለምወርቅ ፊቷ ገረጣ። «እኔ? ያንቺን ስጠርግ አይደል እንዴ የከረምኩት! አፍሬ ነው ዝም ያልኩሽ።»

«ዋላሂ እኔ አይደለሁም!»

ተያዩ። ሪሃና በጠረጴዛው ላይ እጇን ዘረጋችላት፤ ዓለምወርቅም ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ምሳቸው ገና አልተከፈተም።

ከጣሪያው በኩል ቀስ ያለ የማላመጥ ድምፅ ተሰማ። አንዳቸውም ቀና ለማለት አልደፈሩም። ድምፁ ሲያቆም፣ በተያያዙት እጆቻቸው ላይ የራሰ ነገር ዱብ አለ። ገና ትኩስ ነበር።