የባሏ ኮት

ሆዷ መግፋት ስለጀመረ ለቃለ መጠይቁ የባሏን ሰፊ ኮት ለበሰች። ባሏም ሥራ ፈትቷል፤ ይህ ቦታ ካመለጣት ጓዛቸውን ጠቅልለው አማቷ ቤት መግባታቸው ነው።

"ይሄ ኮት እኔን በየሥራ ፈተናው ጥሎኛል፤ አንቺን ምናልባት አፍሮ ያሳልፍሽ ይሆናል" አላት ባሏ።

ትንሿ ልጃቸው በሳቅ ፈነዳች። "እማዬ አባዬን ለበሰች!"

የልብስ ስፌት ፋብሪካው ጥራት ተቆጣጣሪ ይፈልጋል። ሸሚዝ ሲሰጧት የተዛነፈውን ስፌት በጣቷ ዳብሳ አገኘችው። የጠየቋትንም ሁሉ፣ ኮቱ ውስጥ በላብ እየተጠመቀች፣ አንድ በአንድ መለሰች። በመጨረሻ ጠያቂው ሰውዬ እስክሪብቶውን አስቀመጠ።

"በይ እህቴ፣ በሆድሽ የያዝሽው ነገር ካለ ተናገሪ።"

ክው አለች። መካድ አልሆነላትም።

"አምስት ወሩ ነው" አለች አንገቷን ደፍታ።

ሰውዬው ደነገጠ። "ኧረ እኔ ጥያቄ ካለሽ ብዬ ነው!"

ከጎኑ የተቀመጡት የስፌት ክፍሉ ኃላፊ፣ ጠና ያሉ ሴት፣ መነጽራቸውን አውልቀው የሳቅ እንባቸውን ጠረጉ።

"ሰኞ ሥራ ግቢ ልጄ" አሏት። "ኮቱን ግን ለባልሽ መልሺለት። አቆላለፉ የወንድ መሆኑን ገና ከበር ስትገቢ አይቻለሁ።"