በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ

«ቁሚ! እዚያው ቁሚ፣ አትንቀሳቀሺ። አንቺ ጨረቃ ነሽ» ትለኛለች ልጄ።

ጭልፋዬን እንደያዝኩ እቆማለሁ። ጨረቃ የመሆን አምሮት የለኝም፤ ዐይኔ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት አልተነቀለም። አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ አባቷ አልመጣም።

ከሰኞ ጀምሮ የሚገባበትን ሰዓት በቀን መቁጠሪያው ጀርባ ላይ በእርሳስ እጽፋለሁ። ሰኞ ሰባት ሰዓት። ማክሰኞ ሰባት ከሃምሳ። እንዲህ እያለ እያለ ትናንት ጀንበር ስትጠልቅ ገባ። «ምን ነካህ?» ስለው መልሱ ሁልጊዜ ያው ነው፤ «ውሃው አላስገባን ብሎ።» ኧረ ባክህ! ውሃ ሰው አላስገባም ሲል ማን ሰምቷል?

እዚህ የባሕር ከተማ ከመጣን ገና ሁለት ሳምንታችን ነው። በፊት በነበርንበት ደረቁ አገር የጭነት መኪና ሞተር ሲጠግን አንድ ቀን ዘግይቶብኝ አያውቅም። የዓሣ ጀልባ ሞተረኛ ከሆነ ወዲህ ግን ሰበቡ በዛ። ወደቡ በር ላይ ደግሞ መረብ የምትጠግን አንዲት ሳቂታ ሴት አለች። ስሟን አላውቅም፣ ሳቋን ግን ሰምቻለሁ። ዛሬ ቁርጤን አውቃለሁ፤ ወይ እውነቱን ይነግረኛል፣ ወይ ልጄን ይዤ እናቴ ቤት።

«እማዬ፣ እየሰማሽኝ ነው? ሰኞ ክፍል ውስጥ የማስረዳው እኔ ነኝ እኮ!»

«እየሰማሁ ነው፣ ቀጥይ።»

ሁለት ወንበሮች ትይዩ አስቀምጣ በየወንበሩ ላይ ትራስ አቁማለች። ራሷ መሃል ገብታለች። አንደኛው ትራስ በእኔ በኩል ነው፣ ሌላው ከጀርባዋ።

«እኔ ምድር ነኝ። ትራሶቹ ያበጠው የባሕር ውሃ ናቸው። አፍንጫዬ ደግሞ ወደባችን ነው። ሳቂ አላልኩሽም! ጨረቃ ውሃውን ትስበዋለች፣ ስለዚህ በአንቺ በኩል ያለው ወደ አንቺ ያብጣል።»

«ከጀርባሽ ያለውስ ምን ሆኖ አበጠ?»

«እሱ ከአንቺ ይርቃላ! እኔን ወደ ራስሽ ስትስቢኝ እሱ ጋ ጉልበትሽ ያንሳል፤ ወደ ኋላ ይቀራል።»

ይሁን እላለሁ። ወደ ኋላ የሚቀረውን እኔም አውቀዋለሁ።

ባለችበት መዞር ትጀምራለች። አፍንጫዋ ትራሱን ሲነካ «ሞላ!» ትላለች። ሩብ ዙር ዞራ «ጎደለ!» ሁለተኛው ትራስ ጋ ስትደርስ «ሞላ!» ደግሞ «ጎደለ!»

«አየሽ? በቀን ሁለት ጊዜ ይሞላል፣ ሁለት ጊዜ ይጎድላል። አሁን እኔ በምዞርበት በኩል አንድ እርምጃ ወደ ጎን ሂጂ።»

«ደግሞ ለምን?»

«አንድ ቀን አለፈ። ጨረቃም ትሄዳለች እኮ!»

እንዳለችኝ አደርጋለሁ። ወንበሮቹን በእኔ አቅጣጫ ታዞራቸዋለች፤ ውሃው ጨረቃን ይከተላል ትለኛለች። ተመልሳ መሃል ትገባና ከቀድሞው አቅጣጫዋ ተነስታ አንድ ሙሉ ዙር ዞራ ቀጥ ትላለች። አፍንጫዋ ፊት ምንም የለም። ትራሱን ለመንካት ትንሽ መጨመር አለባት።

«ይቺ ትንሿ ሃምሳ ደቂቃ ናት። ለዚህ ነው ውሃው በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ የሚሞላው።»

ጭልፋዬን አስቀምጣለሁ።

«ስንት አልሽ?»

«ሃምሳ። ወደባችን ደግሞ ጥልቀት የለውም፤ ውሃው ሳይሞላ ጀልባ ከገባ አሸዋው ይይዘዋል። አባዬ አልነገረሽም?»

ነግሮኛል። በየቀኑ ነግሮኛል፣ እኔ ነኝ ጆሮ ያልሰጠሁት። ቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳው አወርዳለሁ፣ እሷም ወደቡ ላይ ካለው ሰሌዳ ውሃው የሚሞላበትን ሰዓት የገለበጠችበትን ደብተር ታመጣለች። ሰኞ ውሃው የሞላው ስድስት ከአርባ፤ ከወደቡ ቤታችን የሃያ ደቂቃ መንገድ ነው፤ ሰባት ሰዓት። ማክሰኞም ልክ። ረቡዕም ልክ። አፈርኩ፣ እውነቴን ነው። ያቺን ምስኪን መረብ ጠጋኝ በሆዴ ስንቱን ስሰድባት ሰነበትኩ! ልጄን ግንባሯን ሳምኳትና የባሌን ምግብ ላሞቅ ወደ ምድጃው ዞርኩ።

«እማዬ፣ የትናንቱን ተሳስተሻል» ትላለች ከኋላዬ። «ሐሙስ ልክ ነው። ትናንት ግን ውሃው የሞላው አሥር ሰዓት ላይ ነው፤ አባዬ አሥር ከሃያ መግባት ነበረበት። አንቺ አሥራ ሁለት ብለሻል።»

ላጲሷን አንስታለች።

«ላጥፋልሽ?»

«ተይው።»

«መምህራችን ስህተት ካያችሁ አስተካክሉ...»

«ተይው አልኩሽ እኮ!»

ደንግጣ እጇን ትሰበስባለች። ትናንት እኔው ራሴ ነኝ በሩን የከፈትኩለት፤ ሰዓቱንም ወዲያው ነው የጻፍኩት። «ውሃው ነው» አለኝ፣ እንደ ሌላው ቀን ሁሉ፣ ዐይኑን ሳያሽ። እስከ አሁን የጠረጠርኩት ሳምንቱን ሙሉ ነበር። አሁን የቀረኝ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ብቻ ነው፣ እሱም አልዋጥ አለኝ።

ልክ አሥራ አንድ ከአሥር ላይ በሩ ይከፈታል። ሱሪው እስከ ጉልበቱ ርሷል፣ ፊቱ ላይ የሞተር ዘይት አለ።

«ኡፍ፣ ራበኝ!» ይላል ቡትሱን ለማውለቅ ጎንበስ እያለ። «ምን ላድርግ፣ ውሃው ነው።»

«ዛሬስ አዎ፣ ውሃው ነው» እለዋለሁ። «የትናንቱን ንገረኝ።»

አንዱን ቡትስ አውልቋል። ሌላውን በሁለት እጁ እንደያዘ ቀና ሳይል ይቀራል። ልጄ እርሳሷን ቀን መቁጠሪያው ላይ አሳርፋ፣ የምትጽፈውን እስኪነግራት አባቷን ታያለች።