የተቀሰረ ጣት

ፈዲላ ከውጫሌ እንደገባች የአባቷን አገጭ ይዛ ከንፈራቸውን ገለጥ ስታደርገው ሽታው ወደ ኋላ ገፈተራት። የታችኛው ድዳቸው አብጦ መግል ቋጥሯል። በሽባው ጉንጫቸው ውስጥ፣ መቼ እንደጎረሱት አላህ ብቻ የሚያውቀው የገንፎ ጓል ሻግቶ ተለጥፏል።

“ሐሰን!” ብላ ጮኸች። “ና! ና እያልኩህ!”

ወንድሟ የገበሬ ማኅበሩን ካኪ እንደለበሰ ከደጅ ገባ። “ቀስ በይ እንጂ እታለም፤ ሰው ተቀምጧል።”

ደጅ ያሉት ጎረቤቶች ለጣረኛ የሚነበበውን የቁርኣን ምዕራፍ ያሲንን ይቀራሉ። አባቷ ሸህ ሙዘይን እህል ከተዉ አራተኛ ቀናቸው ነው፤ “ቀናቸውን አውቀው ጥርሳቸውን ገጠሙ” ተብሎ አገሩ ሁሉ ሰምቷል። ከሐይቅ ገበያ የመጣው የመገነዣ ከፈን እንኳ ከራስጌያቸው ተጣጥፎ ተቀምጧል።

“አፋቸውን ሳታዩ ከፈን ገዛችሁ!” አለች ፈዲላ። “መሞት ፈልገው መሰለህ? ማኘክ አቅቷቸው ነው!”

“እኛ በምን እንወቅ? ግራ ጎናቸውን ተመታቸው ወዲህ አንድ ቃል አልተነፈሱም።”

“ለሶላት ውዱእ ስታስደርጓቸው አፋቸውን አታስጉመጠምጧቸውም?”

“ለበሽተኛ ተየሙም ይበቃል ተባልን። በአፈር ነው የማብሳቸው።”

በአፈር የሚታበሰው ፊትና እጅ ነው። አፍ የለበትም። ከታመሙ ጀምሮ ስምንት ወር ሙሉ በቀን አምስት ጊዜ ንጹሕ ናቸው እየተባለ ሰግደዋል፣ አፋቸው ግን ይበሰብሳል። ፈዲላ ደሟ ፈላ።

ወደ ወንድሟ ሚስት ዞረች። ኑርሀያት የአጥሚት ጣሳዋን ይዛ፣ ሻሿን እስከ አፍንጫዋ ስባ፣ ምሰሶው ሥር አቀርቅራለች።

“አንቺስ? የምታጎርሻቸው አንቺ አይደለሽ?”

“ወሏሂ እታለም፣ አይቻቸው አላውቅም። አማቴ አይደሉ? ፊታቸውን በምን ዐይኔ አያለሁ? ዞሬ ነው የማጎርሳቸው።”

ይሉኝታ! ፈዲላ በዚህ ቤት ይሉኝታ ላይ መትፋት አማራት። አባቷ ጥርሳቸውን ሳይፍቁ “እንዴት አደራችሁ” የማይሉ ሰው ነበሩ እኮ። በራሷም ተናደደች። የምትኖርበት ቀበሌ ሊቀመንበር የይለፍ ወረቀት “ነገ፣ ነገ” እያለ ሲያመላልሳት ውጫሌ ቁጭ ብላ ከረመች። ያለ ወረቀት በእግሯ ብትመጣስ ማን ይገድላት ነበር?

“ለብ ያለ ውሃና ጨው አምጪ!”

ከዚያ እጇን ሰደደችና ከፈኑን አነሣች። ጫፉን በጥርሷ ነክሳ ጭርር አድርጋ ቀደደችው።

“ያ ረቢ! ከፈን ይቀደዳል?” ሐሰን እጇን ያዘ።

“ልቀቀኝ! ንጹሕ ጨርቅ የምታወጡላቸው ሲሞቱ ነው?”

ለቀቃት። የቀደደችውን ጨርቅ ጣቷ ላይ ጠቅልላ፣ ኑርሀያት ያመጣችው ጨው ውሃ ውስጥ እየነከረች፣ ቀስ ብላ ጠረገች። ደም መጣ፣ መግል መጣ፣ የሻገተው ገንፎ መጣ። ሸህ ሙዘይን ያቃስታሉ፤ እንባቸው በደህናው ጉንጫቸው ይወርዳል። ግን አልነከሷትም፤ እንዲያውም አፋቸውን ከፈት አደረጉላት።

“አይዞዎ አባባ። አሁን ያልቃል።”

ያን ጊዜ ደህናው ቀኝ እጃቸው ከጋቢው ውስጥ ወጣ። ሌባ ጣታቸው ወደ ግድግዳው ተቀሰረ።

“ሱብሃነላህ!” አለ ከደጅ አንገቱን ያስገባ ጎረቤት።

“ይኸውልሽ” አለ ሐሰን፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ በኩራት። “ተታመሙ ጀምሮ እንዲህ ናቸው። ቀኑን ሙሉ ወደ ቂብላ፣ ወደ መካ ቀስረው፣ አላህ አንድ ነው ሲሉ ሸሃዳ ይይዛሉ። ሰው ያቺን ጣት ሊስም ተሩቅ ይመጣል።”

ፈዲላ በአባቷ ጣት ትይዩ ዐይኗን ላከች። ጭስ ያጠቆረው ጭቃ ግድግዳ፣ ከዚያም ሁለቱ ማገሮች የተገናኙበት ስንጥቅ። ስንጥቁ ውስጥ አንዲት ስንዝር የማትሞላ እንጨት ተሰክታለች።

ተነሥታ መዘዘቻት። የሸረሪት ድር ተከትሏት መጣ። የወይራ መፋቂያ ናት፤ ጫፏ በሸህ ሙዘይን ጥርስ የታኘከ፣ ከመታመማቸው በፊት አንድ ማታ ከመግሪብ ሶላት በኋላ ራሳቸው እንደሰኳት የቀረች።

ኑርሀያት እንኳ ቀና ብላ አየች።

የሸህ ሙዘይን ጣት ታጠፈ። መዳፋቸው ተዘረጋና መፋቂያዋን ጠበቀ።