ሪሞቱ ሶፋ ሥር ሲገባ

የሻረግ «ልጄ አፍራብኛለች» ብላ ቂም ከቋጠረች ዘጠኝ ዓመት ሆናት። ለንደን ላይ የሰው ቢሮ ጠርጋ ያስተማረቻት ልጅ የታሪክ ምሁር ሆና፣ ስለ እንግሊዞች አኗኗር፣ ስለ ዘፈናቸውና ስለ አለባበሳቸው በቴሌቪዥን ስትተርክ አገር ምድሩ ያያታል። የእናቷን ስም ግን አንድ ቀን አንስታ አታውቅም።

«የፈረንጅ እናት ሁሉ ሲወራላት እኔ ብቻ ቀረሁ!» ትላለች ለጎረቤቷ። ልጇ ስትደውል ስልኩን አታነሳም። የልጇ ፊልም ግን አንዱም አያመልጣትም። የማብቂያው ጽሑፍ መውረድ ሲጀምር ብቻ፣ «የማላነበው ላይ ምን አፈጣለሁ» ብላ ታጠፋዋለች።

ዛሬ ሪሞቱ ሶፋ ሥር ገባባት። ተንበርክካ አውጥታ ቀና ስትል እንግሊዝኛው አልቆ አንድ መስመር አማርኛ ቆሟል። በመሠረተ ትምህርት የለየችውን ፊደል በጣቷ እየተከተለች አነበበችው፦

«ቢሮ ጠርጋ ላስተማረችኝ እናቴ፣ ለየሻረግ ወልደሰንበት።»

እዚያው እንደተንበረከከች ስልኩን ስባ ደወለች።

«እማዬ? አንቺ ነሽ?»

«ማብቂያው ላይ ስሜን መቼ ነው ያስገባሽው?»

«ከመጀመሪያው ፊልም ጀምሮ አለ እኮ፣ እማዬ።»