ላቀው አዲስ አበባን ያየ ዕለት

ላቀው ከስማዳ ተነሥቶ ሦስት ቀን በእግሩ፣ ሁለት ቀን በአውቶቡስ ተጉዞ አዲስ አበባ ሲገባ የተቀበለው ወንድሙ አለሙ ሳይሆን ዋሴ ነበር። ዋሴ አብሯቸው ያደገ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ከአለሙ ጋር አንድ ቀን ከአገር ወጥተው በአንድ ቤት ይኖራሉ። ጢሙ አድጎ ዓይኑ ጎድጉዶ ስለነበር ላቀው መጀመሪያ አላወቀውም። የከተማ ኑሮ እንዲህ ነው ለካ፣ አለ በልቡ።

"አለሙስ?" አለ፣ ገና ተሳስመው ሳይጨርሱ።

"ለሥራ ደብረ ዘይት ልከውታል። ነገ... ነገ ማለዳ ይደርሳል። በነጋዴው በሸሪፍ የላክኸው ደብዳቤ ደርሶኛል። እማማ አስካለስ ደህና ናቸው?"

"ደህና ናት" አለ ላቀው፣ ጫማውን እያየ።

ውሸቱን ነው። እናቱ ካረፈች ሁለት ሳምንት ሆኗታል። የመጣውም ከተማ ሊያይ ሳይሆን ለአለሙ ሊያረዳውና ለአርባዋ አገሩ ይዞት ሊመለስ ነው። አባታቸው አምና ሞተዋል፤ በዚህች ምድር የቀሩት ሁለቱ ወንድማማቾች ብቻ ናቸው። መርዶ ደግሞ እንደ ገበያ ወሬ መንገድ ላይ አይዘረገፍም። ሰውየው በልቶ ጠጥቶ፣ ተኝቶ ካደረ በኋላ ማለዳ ወዳጅ ዘመድ ተሰብስቦ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ላቀው ሐዘኑ እንዳያስታውቅበት ደብረ ታቦር ላይ ተላጭቶ፣ አዲስ ሸራ ጫማ ገዝቶ፣ አገር ጎብኚ መስሎ መጣ።

ዋሴ እንግዳው ይረፍ እንኳ አላለም። "ከተማውን በእግራችን እንየው" ብሎ መንገድ ጀመረ።

ጊዮርጊስን ተሳለሙ። ፒያሳ ወጡ። ላቀው በአንድ ሱቅ መስተዋት ውስጥ ጭንቅላት የሌላት ቀሚስ የለበሰች ሴት ቆማ አይቶ አማተበ፤ አሻንጉሊት መሆኗ ቢነገረውም ሁለተኛ ዞሮ ሊያያት አልደፈረም። አራት ኪሎን አለፉ። ስድስት ኪሎ ደርሰው የጃንሆይን አንበሶች አዩ፤ አንዱ አንበሳ ላቀውን አየት አድርጎ አዛጋ። የላቀው ተረከዝ በአዲሱ ጫማ ተልጧል፤ ዋሴ ግን አንዱን ሳይጨርስ "ደግሞ ይኼን ሳታይ?" ይለዋል።

"አለሙ የሚሠራበትን ትልቁን ፎቅ አሳየኝ" አለ ላቀው። "በደብዳቤው ሁሉ የሚያወራው ስለሱ ነው።"

"በዚያ በኩል መንገዱ ተዘግቷል" አለ ዋሴ፤ አቀበቱን ዙሪያውን አዞረው። ላቀው በቤቶቹ ጣራ ላይ አሻግሮ ረጅሙን የእንጨት መወጣጫ ብቻ አየ። ነጭ የሲሚንቶ አቧራ ከላዩ ይቦናል።

አቧራው እናቱን አስታወሰው። በመጨረሻዋ ሳምንት ትኩሳት ይዟት ወደ በሩ እያየች "አለሙ መጥቷል፤ ፊቱ ሁሉ ነጭ አቧራ ነው፤ ምነው ውኃ አትሰጡትም?" ስትል ሰነበተች። በሩ ላይ ማንም አልነበረም። ላቀው ከዚያ ወዲህ ክፍት በር ባየ ቁጥር ይሰቀጥጠዋል። በልጇ ናፍቆት እንደሞተች ለአለሙ እንዴት ብሎ ይነግረዋል?

መርካቶ ሲደርሱ ያገራቸውን ልጅ፣ የወገዳዋን ሐረገ ወይንን አያት፤ በርበሬ ትሸጣለች። ሴትዮዋ ላቀውን ገና ስታየው እጇን አፏ ላይ ጭና፣ ሰላምታ ሳትሰጠው ወደ ሱቋ ገባች።

ላቀው ክው አለ። ሰምታለች! ወሬው ቀድሞኝ ደርሷል። አለሙን መንገድ ላይ አግኝታ ብትነግረውስ? ከዚህ በላይ መደበቅ አልቻለም።

"ዋሴ፣ ዋሽቼሃለሁ። እናታችን አርፋለች።"

ዋሴ መንገድ ዳር ቁጭ አለ። "እሳቸውም?"

"አዎ፣ እሷም" አለ ላቀው፣ አባቱን እያሰበ።

ዋሴ ፊቱን በነጠላው ሸፍኖ እንደ ገዛ ልጇ አለቀሰላት። ላቀው ጀርባውን እየዳበሰ፣ ለወንድሙ እንዲህ ያለ ወዳጅ የሰጠውን አምላክ አመሰገነ።

"አደራህን" አለው። "ማለዳ ያገራችንን ሰዎች ሰብስብልኝ። አለሙ አንጀቱ ስስ ነው፤ የአባታችንን የሰማ ቀን..."

"ከግድግዳ ሲላተም የያዝኩት እኔ ነኝ።"

"እንግዲያው ታውቃለህ። ሁለት ጎበዛዝት በግራና በቀኙ ይቀመጡ። ራሱን እንዳይጎዳብኝ፤ ከሱ ሌላ ማን አለኝ?"

ዋሴ ቀና ብሎ አየው። "ሰዎቹ ይመጣሉ፤ ተነግሯቸዋል" አለ።

ላቀው መቼ ተነገራቸው ብሎ ለመጠየቅ እንኳ ጉልበት አልነበረውም።

ቤት ሲገቡ ዋሴ በለብታ ውኃ እግሩን አጠበው። ጠላ ቀዳለት፣ እያጎረሰ አበላው፤ ራሱ ግን እምብዛም አልቀመሰም። ከዚያ በአለሙ አልጋ ላይ አስተኛው። ከአልጋው ሥር የአለሙ የሥራ ጫማ ነጭ አቧራ እንደለበሰ ተቀምጧል። ላቀው ጸሎቱን ሳይጨርስ እንቅልፍ ጣለው። እናቱ ከሞተች ወዲህ እንዲህ ተኝቶ አያውቅም።

ጎህ ሲቀድ ዋሴ ቀሰቀሰው። ቤቱ ሞልቷል። ሐረገ ወይን መጥታለች። የስማዳ ሰዎች ንስሐ አባት አባ ወልደ ጊዮርጊስ መስቀላቸውን ይዘዋል። በር ላይ ሁለት ትከሻቸው የሰፋ የመርካቶ ተሸካሚዎች ቆመዋል። ሁሉም እንዳለው ሆኗል። ላቀው ጋቢውን አጣፍቶ በሩን ያይ ጀመር፤ እንባውን ዋጥ አደረገ፣ ወንድሙ ከመግባቱ በፊት መታየት የለበትም።

"አለሙ ደረሰ?" አለ።



"ተቀመጥ፣ ልጄ" አሉት አባ ወልደ ጊዮርጊስ። ተቀመጠ።

ሁለቱ ጎበዛዝት ከበሩ መጡና በግራና በቀኙ ተቀመጡ።