ሐሙስ፣ የቢሮ ቀን

የጊሌን መሥሪያ ቤት ሠራተኞቹ ከቤታቸው እንዲሠሩ ቢፈቅድም፣ ሐሙስን ግን የግድ ቢሮ ግቡ ይላል። የዛሬው የኦታዋ በረዶ አስጠልቷት ጊሌን ቤቷ ቀረችና ለባልደረባዋ ለዴዝመንድ በኮምፒውተሯ ደወለች።

«ስሞትልህ፣ አለቃችን ከጠየቀህ ታማለች በለው።»

ዴዝመንድ ሳቀ። «አንቺ ጉደኛ! እዚሁ ከኋላዬ ተቀምጠሽ ምን ያስደውልሻል?»

«ባክህ አትቀልድ፤ ቤቴ ነኝ።» ካሜራዋን ከፈተች።

የዴዝመንድ ሳቅ ቀጥ አለ። እሱም የራሱን ከፈተ። ከኋላው፣ ጊሌን ከጧት ጀምሮ ቤቷን ገልብጣ ያጣችውን አረንጓዴ ሹራብ የለበሰች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ትጽፋለች። ሴትየዋ ዞረች። ፊቷ የጊሌን ነው። ስክሪኑን አየችና አመድ መሰለች።

«ዴዝመንድ» አለች ወደ ስክሪኑ እየጠቆመች፣ «ቤቴ የገባችው ማናት?»