ከክንፉ ሥር ያለው ጽሑፍ

ሐሙስ ዕለት መምህር ወልደገብርኤል የአውሮፕላኑን ፎቶ ከፎቶ ቤቱ መስታወት ላይ ገንጥለው ሲቀድዱት ሩት ከባንኮኒው ኋላ ቆማ ነበር።

«ይሄ ጌጥ ነው?» ብለው ጮኹ። «ሳሎን የሚሰቀል ጌጥ ነው ወይ?»

ሩት ባኬ ጃማ ከተማ ውስጥ ፎቶ ቤት ከከፈተች ሁለት ዓመቷ ነው። ደንበኛ ጮኾባት አያውቅም። መምህር ወልደገብርኤል ደግሞ ስድስተኛ ክፍል አማርኛ ያስተማሯት ሰው ናቸው። በዚያን ዓመት አንድም ቀን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አልሰማችም።

«ቲቸር፣ አባቴ ያነሱት እኮ ነው» አለች።

አባቷ በወጣትነታቸው ደብረ ዘይት፣ የአየር ኃይሉ ግቢ ውስጥ ፎቶ አንሺ ነበሩ። ሲሞቱ አንድ የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ኔጋቲቭ ተዉላት። ከጃንሆይ ዘመን ጀምሮ የነበሩ የጦር አውሮፕላኖች ናቸው። ሩት አሥራ ስምንቱን መርጣ በትልቁ አትማለች። የፊታችን እሁድ በከተማው የባህል አዳራሽ ለሕዝብ ታሳያለች። በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ዐውደ ርእይ ነው። የጥሪ ካርዱ ተበትኗል። መስታወቱ ላይ የነበረው ፎቶ ማስታወቂያዋ ነበር።

መምህሩ የተቀደደውን ወረቀት በመዳፋቸው ጨበጡት።

«አባትሽ…» አሉና አቆሙ። «ሌላ ቅጂ አለሽ?»

«አዳራሹ ውስጥ የሚሰቀለው አለ።»

«እንዳትሰቅዪው!»

«ለምን?»

«ደግሞ አውሮፕላኑን ሚግ ሃያ አንድ ብለሽ ጽፈሻል። ሃያ ሦስት ነው! የማታውቂውን ነገር ለምን ትለጥፊያለሽ?»

በሩን በኃይል ዘግተውት ወጡ። መስታወቱ ተንቀጠቀጠ።

ከጎን ያለው ፍሬም ሠሪ ኤባ መጋዙን እንደያዘ ብቅ አለ።

«አካም ኦልቴ፣ እንዴት ዋልሽ ሩቲ? እኚያ መምህሩ ናቸው እንዴ? በግ የሚመስሉት ሰውዬ?»

«ፎቶዬን ቀደዱት! ሌላ ሰው ቢሆን ፖሊስ እጠራ ነበር። ምን አባቴ አደረግኳቸው?»

ኤባ መሬት የወደቀችውን ቁራጭ አነሣና አገላበጣት። የአውሮፕላኑ ጭራ ነበረች።

«ማሎ፣ እባክሽ፣ አንቺም አጥፍተሻል» አለ። «እባብ ያየ በልጥ በረየ ሲባል አልሰማሽም? ሰውየው ከሰሜን የመጡ ናቸው። በሰማንያ ሦስት፣ አንድ ሻንጣ ብቻ ይዘው። ሚስት የለ፣ ልጅ የለ።»

«እና?»

«እናማ! በዚያ ዘመን በዚያ በኩል ገበያ በአውሮፕላን ይመታ አልነበር? ሰማይ ላይ ድምፅ ሲሰሙ ቆመው አንገታቸውን ይደፋሉ። እኔ በዓይኔ አይቻለሁ።»

«እሳቸው ነግረውሃል?»

«እንዲህ ያለ ነገር ይነገራል እንዴ፣ ሩቲ?»

ኤባ ሲሄድ ሩት ኮምፒውተሩን ከፍታ ያንኑ ፎቶ አወጣችው። እስከዚያች ቀን ያየችው ከላይ ከላዩን ነበር፤ ክንፉን፣ አፍንጫውን፣ ደመናውን። አሁን ወደ ታች ወረደች። ከክንፉ ሥር ቦንብ ተንጠልጥሏል። አጠገቡ አንድ ቱታ የለበሰ ወጣት ጀርባውን ለካሜራው ሰጥቶ ቁጢጥ ብሏል። ቦንቡ ላይ ነጭ ነገር አለ። አጎላችው። ጽሑፍ ነው።

«ለቅዳሜ ገበያ» ይላል። ከዚያ ቀጥሎ አንድ ሌላ ቃል አለ፤ ደብዝዞ አይነበብም።

ፊቷ ጋለ። ቀልደዋል! የሚሞተው ሰው ማን እንደሆነ፣ በየትኛው ቀን እንደሚሞት እያወቁ ቀልደዋል። አባቷም እዚያ ቆመው ብርሃኑን ለክተው፣ እጃቸው ሳይንቀጠቀጥ አንሥተውታል። በዚህ ፎቶ ነው እሷ ስትኮራ የከረመችው።

ከመቀመጫዋ ተነሥታ ኤባ ጋ ገባች።

«አንድ ሜትር ከሃምሳ የሚሆን ፍሬም ሥራልኝ። ጽሑፉን ብቻ አጉልቼ ነው የማትመው። ከበሩ ትይዩ ይሰቀላል።»

«ሰው አይከፋውም?»

«ይክፋው! ይሄን የጻፈው ሰውዬ በሕይወት ካለም ይምጣና ከሰው እኩል ቆሞ ይየው። ይፈር!»

ኤባ አንገቱን ነቀነቀ፤ ግን ፍሬሙን ሠራው።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ አዳራሹ ውስጥ አሥራ ሰባቱ ፎቶዎች ተሰቅለው ነበር። ትልቁ ገና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ወለሉ ላይ ቆሟል። መምህር ወልደገብርኤል ኮፍያቸውን በእጃቸው ይዘው ገቡ። ከሐሙስ ወዲህ የከሱ መሰሉ።

«ስለ ጩኸቱ ይቅርታ» አሉ። «አወረድሽው?»

«አላወረድኩትም ቲቸር። ይቅርታ መጠየቅ ያለብኝም እኔ ነኝ። ኤባ ነግሮኛል።»

«ኤባ? ኤባ ምን ያውቃል?»

«ገበያው ላይ ስለጠፉብዎት ሰዎች።»

መምህሩ ኮፍያቸውን በእጃቸው አጣጠፉት። ወንበር ስባ አስቀመጠቻቸው።

«እርስዎ ሠላሳ ምናምን ዓመት ብቻዎን ተሸከሙት» አለች። «እነዚያ ግን ሲስቁ ነበር! ቦንቡ ላይ የጻፉትን አግኝቼዋለሁ። ነገ ከተማው ሁሉ ያነበዋል። እርስዎ ምንም መናገር አይጠበቅብዎትም፤ እኔ እናገርልዎታለሁ።»

«ተይው ልጄ።»

«አልተውም! እስከ መቼ ነው የምንተወው?»

ወደ ፍሬሙ ሄዳ በሁለት እጇ ጠርዙን ያዘችው።

«አንድ ነገር ብቻ ይርዱኝ። ‹ለቅዳሜ ገበያ› የሚለውን አንብቤዋለሁ፤ የመጨረሻው ቃል ግን ደብዝዞ እምቢ አለኝ። ሰው እንዲገባው ግርጌው ላይ በጉልህ ልጽፈው እፈልጋለሁ። ቆይ፣ ላዙርልዎትና ይዩት።»

«‹ስጦታ› ነው የሚለው» አሉ መምህር ወልደገብርኤል ፍሬሙ ሳይዞር። «የደበዘዘው ጠመኔው አልቆብኝ ነው።»